የአያቴ መሐላና የአያቴ ቁጥር

ደዶ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ የምትገኝ አገር ናት። ከላይ በደጋው ገብሱና ባቄላው፣ ዝቅ ሲል በቆሎውና እንሰቱ፣ ከዚያም በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ቡናው እያለ መሬቷ ወርዳ ወርዳ ከጎጀብ ወንዝ ላይ ታበቃለች። ከጎጀብ ማዶ ዳውሮ ነው። በዚህች አገር ተወለድሁ፤ በዚህችው አገር ብዙ ዓመት አስተማርሁ። ስለ አገሬ ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ ከፊቴ እየቆመ ያግደኝ ነበር። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የአንድ ተማሪዬ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ተማሪዎቼን ይዤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማሳየት ወደ ጅሬን ወጣሁ። ጅሬን ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ከተማዋን ቁልቁል የምታይ ኮረብታ ናት። ልጆቹን ከመኪናው ላይ አንድ በአንድ ቆጥሬ አወረድሁና የእንጨት ምሰሶውን፣ ሰገነቱንና በረንዳውን እያሳየሁ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ መሠረት ገለጻ ማድረግ ጀመርሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ገደማ ገና በወጣትነቱ ነግሦ ከሃምሳ ዓመት በላይ እንደ ገዛ፤ አገሩን ከጦርነት አድኖ ንግድን እንዳስፋፋ፤ የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት እንደ ነበረ፤ ይህን ሁሉ ተናገርሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው። የገዛ አገራቸው ንጉሥ፣ የገዛ አገራቸው ቤተ መንግሥት ነውና ደስ ሊላቸው ይገባል።

ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ የእኛ ሰዎች የሚያድሩት በየትኛው ክፍል ነበር?»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «የእኛ ሰዎች» ማለቱ ምን ማለት እንደ ሆነ የሳቁትም ልጆች፣ እኔም እናውቅ ነበር። ቤተሰቡ ከጎጀብ ማዶ ተሸጠው ከመጡት ሰዎች ወገን እንደ ሆነ በመንደሩ በሹክሹክታ ይነገራል። እኔም «ጊዜ የለንም፤ ወደ መስጊዱ እንለፍ» ብዬ ጥያቄውን አለፍሁት።

ያለፍሁት መልሱን ስላላወቅሁ ብቻ አልነበረም። የእናቴ እናት እንደዚያ ልጅ አያቶች ሁሉ ከጎጀብ ማዶ ተሸጣ የመጣች ሴት ነበረች። ይህን ለባልንጀራ ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለተማሪ ደግሞ እንዴት ተደርጎ! መምህር ማለት በመንደሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ክብሬ በዚያ ዝምታ ላይ የቆመ መስሎኝ ነበር።

አያቴን የምንጠራት በኦሮምኛ «አኮ» ብለን ነው። አኮ ስትቆጣም ሆነ ቃሏን ልታጸና ስትፈልግ መሐላዋ አንድ ብቻ ነበር፤ «አባ ጅፋር ይሙት!» ትላለች። ንጉሡ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ ከዚህ መሐላ አልወጣችም። አባ ጅፋርን በዓይኗ አይታው አታውቅም። በልጅነቷ ከቤተሰቧ የነጠቃት ንግድ ያለፈው ግን በእሱ ኬላ ነው፤ ቀረጡም የተከፈለው ለእሱ ነው። እንዲህም ሆኖ ከአፏ የሚወጣው የከበረ ስም የእሱ ነበር። እኔም በልጅነቴ መሐላውን ከእሷ ተምሬ ከእኩዮቼ ጋር ብይ ስጫወት «አባ ጅፋር ይሙት!» እል ነበር።

ሌላም ነገር ነበራት። የለቀመችውን እሸት ቡና በቅል እየሰፈረች ወደ ቅርጫት ስትገለብጥ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች። የምትቆጥረው በኦሮምኛ አልነበረም፤ በአማርኛም አልነበረም። ከቃሎቹ ሁሉ ጆሮዬ የያዛቸው «ሄዛ፣ ኦይዳ» የሚሉት ነበሩ። ምን ማለት እንደ ሆነ ብጠይቃት «ዝም ብሎ ነው» ትለኛለች። መሐላዋን ጮኻ ነበር የምትናገረው፤ ቁጥሯን ግን በሹክሹክታ።

አኮ ከሞተች ከዓመታት በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እኔም ከጎጀብ ማዶ ወደ አንድ የገበሬ ማኅበር ተመደብሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ቁጥር ሳስተምር አንድ ሽማግሌ እንዳይሳሳቱ ብለው ጠጠር እየደረደሩ በገዛ ቋንቋቸው መቁጠር ጀመሩ። ሦስተኛውን ጠጠር ሲያስቀምጡ «ሄዛ»፣ አራተኛውን ሲያስቀምጡ «ኦይዳ» አሉ። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ከየት እንደ መጣች ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ላስተምር ሄጄ እኔው ተምሬ ተመለስሁ፤ የተማርሁትን ግን ለማንም አልተናገርሁም።

በአባቴ በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ነው። የአባቴ አባት የጅማ ራስ ገዝነት በ1924 ዓ.ም. ሲቀር ከመሐል አገር ሹም ጋር ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር። የእሱ መሐላ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ነበር። እንግዲህ እኔ በአንድ ወገን አስገባሪ፣ በሌላው ወገን የተሸጠች ልጅ፣ በቋንቋና በአስተዳደግ ደግሞ የጅማ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው የራሴን የዘር ሐረግ ለመቁጠር አይደለም፤ ከጅማ እስከ ጎጀብ ባለው አገር ቤት ለቤት ቢጠየቅ እንዲህ ያለ ትውልድ ያለው ሰው ብዙ ስለ ሆነ ነው። የዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ከግዛተ ዐፄዎቹ የወረሰችው መሬትና ድንበር ብቻ አይደለም፤ እንደነዚህ ያሉትን ቤተሰቦችም ወርሳለች።

ታሪኩን በቅደም ተከተል እናስታውስ። የጊቤ ኦሮሞ ከነገሥታት በፊት ይተዳደር የነበረው በገዳ ሥርዓት ነው። በገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ ከአባት ወደ ልጅ አይወርስም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግን የጦር አለቆች ከምርኮ፣ ከመሬትና ከንግድ ባገኙት ሀብት እየበረቱ ሥልጣኑን በእጃቸው አስቀሩት። ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት የተመሠረቱት በዚህ መንገድ ነው። ጅማን ያጠነከረው ከ1820ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የገዛው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ነው። መንግሥቱ በድንበሩ ላይ «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት፣ በመንገዱ ላይ ደግሞ ኬላ ነበረው። ስለዚህ ንጉሥነት ራሱ ከውጭ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም፤ ጅማ ለሌላ ሳትገብር በፊት ገበሬዋ ለራሷ ንጉሥ ገብሯል።

ከዚያም የሸዋ ዘመን መጣ። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ የተዋጉት የጊቤን አገርና የንግዱን መንገድ ማን ይይዛል በሚል ነበር። ምኒልክ አሸነፈ። ወጣቱ አባ ጅፋርም በእናቱ በጌኔ ጉሚቲ ምክር ሳይዋጋ ገበረ ይባላል። በየዓመቱ ግብር እየላከ፣ ሲጠራ ጦር እያዘመተ፣ በውስጥ አስተዳደሩ ግን ማንም ሳይገባበት ኖረ። በዚህም ብልሃት ጎረቤቶቹ አገሮች በጦር ሲጠፉ ጅማ ሳትቃጠል ቀረች። ይህ በእውነት ትልቅ ነገር ነው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የሚያመሰግነው በዚህ ነው።

ነገር ግን ሰላም የራሱ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የከፈለውም ሌላ ሰው ነው። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ከፋ ሲዘምት የጅማ ጦር አብሮ ዘመተ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ሙሉ ሲታደን ቆይቶ ተማረከና ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ ሞተ። ከፋ ተራቆተች። ከጎጀብ ማዶ የሚነዳው ሰው በዛ። ሂርማታ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና አሞሌ የሚለዋወጥባት ብቻ ሳትሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት የባሪያ ገበያዎች ትልቅ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ለምኒልክ የሚገብረው ንጉሥ ከሥሩ ላሉት ደግሞ አስገባሪ ነበር። በአንድ እጁ ሰጠ፤ በሌላው ወሰደ።

የሦስቱን ገዢዎች የፈረስ ስም ያስተዋለ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። አስገባሪውም ገባሪውም ስም የሚያወጡት በአንድ ልማድ ነበርና እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ወደ አዲስ አበባ በሰበሰበ ማግሥት፣ አባ ጅፋር በሸመገለበት በ1924 ዓ.ም. አባ ጠቅል ጅማን ጠቀለላት። ጣልያን ሲመጣ ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረገ፤ የንጉሡን የልጅ ልጅ አባ ጆቢርን ሹሞም የተከፋውን ሕዝብ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ለማስነሣት ሞከረ። ከድል በኋላ የተቋቋመው ጠቅላይ ግዛት ደግሞ ስሙ ከፋ፣ ዋና ከተማው ጅማ ሆነ። ጅማ በዘመቻ በረዳች በአርባ ምናምን ዓመቷ በዘመተችበት አገር ስም ተጠራች። አያቴ በሕግ ነጻ የወጣችው ባርነት በአዋጅ በተሻረበት በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር።

የሩቅ አገር ምሳሌ ላምጣ። ሞንጎሎች የሚባሉ ሕዝቦች መኖራቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤታችን ከአንድ ሼኽ ነው። ጅማ የእስልምና ትምህርት የተስፋፋባት አገር ስለ ሆነች ሽማግሌዎቹ የባግዳድን ታሪክ ያውቁታል። ሼኹ በመስጊዱ ጥግ ተቀምጠው፣ ሁላጉ የሚባል የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ በ1258 እ.ኤ.አ. ባግዳድን እንዴት እንዳጠፋ፣ ኸሊፋውን እንዴት እንደ ገደለ፣ መጻሕፍቱ ወንዝ ውስጥ ተጥለው ውሃው በቀለም ጠቆረ እንደሚባል ይተርኩልን ነበር። ታሪኩን የሚጨርሱት ግን ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ «ከአርባ ዓመት በኋላ የሁላጉ ዘር ሰለመ» ይላሉ። እውነትም በ1295 እ.ኤ.አ. የኢራኑ የሞንጎል ገዢ ጋዛን እስልምናን ተቀብሏል። ያቃጠለው ወገን ልጅ ካቃጠላቸው ሰዎች ጋር አንድ ሰፍ ገብቶ ሰገደ። ሼኹ ይህን የሚሉት ባግዳድ ተቃጥላ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ የተቃጠለውም ሆነ የሰገደው በአንድ ታሪክ ውስጥ እንዳለ ለማሳየት ነበር።

ሞንጎሎቹ ራሳቸውስ? በ1962 እ.ኤ.አ. የሞንጎሊያ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ የጄንጊስ ካንን 800ኛ የልደት ዓመት ለማክበር ተነሣ። ዳዳል በምትባል ስፍራ ሐውልት ቆመ፤ የፖስታ ቴምብርም ታተመ። በሶቪየት ኅብረት ዘንድ ግን ጄንጊስ ካን ሩሲያን እስከ 1480 እ.ኤ.አ. የተጫነው ቀንበር ምንጭ ነበር። ቁጣው ከሞስኮ ሲመጣ ክብረ በዓሉ ተቋረጠ፤ ሐሳቡን የደገፈው የፖሊት ቢሮ አባል ቶሞር ኦቺር በብሔርተኝነት ተወንጅሎ ከሥልጣኑ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የአንድ ትውልድ ዘመን ስለ ጄንጊስ ካን በጎ መናገር የማይደፈር ሆነ። ሥርዓቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲለወጥ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ስሙ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ መልኩ በገንዘብ ላይ ወጣ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ከዋና ከተማው ወጣ ብሎ በፈረስ ላይ የተቀመጠ አርባ ሜትር ቁመት ያለው የብረት ሐውልት ቆመለት።

ከዝምታ ወደ ሐውልት፤ መንገዱ ይህን ያህል አጭር ነው። ዝም ያሰኙት ሰዎች ታሪኩን አላጠፉትም፤ ተሸፍኖ እንዲቆይ ብቻ አደረጉ። ሐውልት ያቆሙትም ታሪኩን በሙሉ አልተናገሩም። በሁለቱም ዘመን ያልተጠየቀው ጥያቄ፣ በካኑ ጦር ከየአገሩ ተነድተው የሄዱት አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሴቶች የት ደረሱ የሚለው ነው። ተማሪዬ በጅሬን የጠየቀኝም ይህንኑ ነበር።

የእኛም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሕይወቴ ሦስት ዓይነት የታሪክ ትምህርት አይቻለሁ፤ ሁለቱን ተምሬ፣ ሁለቱን አስተምሬአለሁ። በልጅነቴ የተማርሁት መጽሐፍ ምኒልክ አገር «አቀና» ይል ነበር። ማቅናት በአማርኛ የተጣመመን ማስተካከል ነው፤ ጫካ መንጥሮ ማረስም ነው፤ በጦር መያዝም ነው። በዚያች ቃል ውስጥ ከፋም ጅማም ጠማማ ሆነው የተቃኑ ይመስላሉ። ቃሏ የተቃናውን ሰው አትጠይቅም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ፊውዳል» የሚል ቃል መጣ። ይህ ቃል ትልቅ ነገር አሳየን። ንጉሥ በሕዝብ ላብ እንደሚኖር፣ ምኒልክም ሆነ አባ ጅፋር በመደብ አንድ እንደ ሆኑ ገለጸልን። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ በደዶ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ቀንበር ሲያላቅቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አያቴ ያን ቀን ሳታይ በመሞቷም አዝኛለሁ። ነገር ግን እኛ መምህራን ቃሉን እንደ መክደኛ ተጠቀምንበት። «ፊውዳል ነበር» ካልን በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለማየት፣ ስም ለመጠየቅ፣ የሽማግሌ ቃል ለመመዝገብ አስፈላጊ መስሎ አልታየንም። «ሰፊው ሕዝብ» ስንል ከሰፊው ሕዝብ መካከል ማን ማንን እንደ ሸጠ ሳንናገር ቀረን። ያን ዘመን በመምህርነት ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን የምለው በራሴ ላይ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ብሔር» የሚለው ቃል ቀደመ። ኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለእያንዳንዱ ብሔርና ብሔረሰብ ቋንቋውንና ታሪኩን የማሳደግ መብት ሰጠ። ልጆች በኦሮምኛ መማር ጀመሩ፤ ከጎጀብ ማዶም በዳውሮኛ። አኮ በሹክሹክታ የቆጠረችበት ቋንቋ በሰሌዳ ላይ ተጻፈ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የስድብ ስሞችም ታረሙ። የአሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ እንኳ በ1965 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በርእሱ ላይ ኦሮሞን በቀድሞው የንቀት ስም ይጠራ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም «ኦሮሞ» በሚለው ስም ተተካ። ይሁን እንጂ በአዲሱ ትምህርትም ታሪክ ማለት የእኛ ብሔር በሌላ ብሔር የደረሰበት ነው ወደ ማለት አዘነበልን። የደረሰብንን ቆጠርን፤ ያደረስነውን አለፍን። አያቴ በዚህኛውም መዝገብ ላይ ቦታ አላገኘችም። ብትመዘገብ የጅማን ክብር ትቀንሳለች ተብሎ ተፈራ።

ሦስቱም ቃላት እውነት አላቸው። የአገር አንድነት ተሠርቷል፤ መደብ ነበረ፤ ብሔር ተጨቁኗል። ሐሰት የሚሆኑት አንዱ ብቻውን ቆሞ ሌሎቹን ዝም ሲያሰኝ ነው። በአኮ ሕይወት ሦስቱ አብረው ነበሩ፤ በግዛት ማስፋፋት ዘመቻ ማግሥት ተያዘች፣ በባለጸጋ ቤት አገለገለች፣ ቋንቋዋንም በከንፈሯ ውስጥ ደበቀች።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህን መቆስቆስ ለምን ይጠቅማል? ቁስል ማከክ አይሆንም?» ይሉኛል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። በአገራችን የታሪክ ክርክር ደም ሲያፋስስ አይተናል። ነገር ግን ያልተነገረው ነገር ጠፍቶ አያውቅም። በደዶ ሽማግሌዎች ስለ ጋብቻ ሲማከሩ «አጥንቱ ማን ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ዝምታው ስለ ቀጠለ ነው። አዋጁ ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሹክሹክታው ግን ነጻ አልወጣም። ዝም ባልን ቁጥር ነውሩ በሸጠው ላይ መሆኑ ቀርቶ በተሸጠው ላይ ይወድቃል። እኔ በዚያች ቀን በጅሬን ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ የአያቴን ንጉሥ ክብር ጠብቄ አያቴን አሳፈርኋት።

አባ ጅፋር ይሰደብ አልልም። ሕዝቡን ከእሳት ያዳነ ብልህ ሰው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም በቅርብ ዓመታት መታደሱ ደስ ያሰኛል። የአያቴን መሐላም አልንቅም። እንዲያውም ሳስበው፣ መሐላዋ የፍርሃት ብቻ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። የራሷን አገር የተነጠቀች ልጅ ባደገችበት አገር ሰው ሆና ለመቆም የሚያስችላት ያ ስም ብቻ ነበር። በስሙ ስትምል «እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ» ማለቷ ነበር። የግዛት ወራሾች የሆንን ሁላችን እንዲህ ነን፤ የተጫነብን ስም ውሎ አድሮ የራሳችን ይሆናል። ጅማ ኢትዮጵያዊት የሆነችው በግብርና በጦር ተጀምሮ ነው፤ የቀጠለችው ግን በትምህርት ቤት ወንበር፣ በቡና ንግድ፣ በጋብቻ፣ በዘመቻ፣ በልቅሶ ነው። አጀማመሩ ግፍ ስለ ነበረበት ቀጣዩ ሕይወት ሐሰት አይሆንም። ቀጣዩ ሕይወት መልካም ስለ ሆነም ግፉ አልነበረም አይባልም። የአንድ አገር ሰው መሆን ማለት፣ መሐላውንም ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ለመናገር መቻል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ልቅሶ ቤት ያንን ተማሪዬን አገኘሁት። ዛሬ እሱም መምህር ነው፤ ፀጉሩ ሽበት ጀምሯል። ከዳሱ ጥግ አጠገቤ ተቀምጦ ቡና ስንጠጣ፣ ሳልዘጋጅ ከአፌ ወጣ።

«በጅሬን የጠየቅኸኝን ታስታውሳለህ? ያን ቀን መመለስ ነበረብኝ። የእኔም አያት ከማዶ ተሸጣ የመጣች ናት» አልሁት።

ስኒውን አስቀመጠ። «አውቅ ነበር ጋሼ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት። ከመኪናው ስንወርድ እኛን ሲቆጥሩ በከንፈርዎ ሄዛ፣ ኦይዳ ይሉ ነበር። የእኔም አያት እንዲያ ነበር የምትቆጥረው። ሌላ መምህር ቢሆን ኖሮ አልጠይቅም ነበር።»

ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ልጁ ያን ቀን ሊያሳፍረኝ ወይም ሊፈታተነኝ የጠየቀ መስሎኝ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬአለሁ። እሱ ግን የጠየቀኝ ስላመነኝ ነው።

ይህ መጽሔት በመምህራን፣ በኪነ ጥበብ ሰዎችና በባህል ሠራተኞች እጅ ስለሚገባ አንድ ነገር አሳስቤ ላብቃ። ታሪክ ለመጻፍ የታሪክ ሊቅ እስኪመጣ አንጠብቅ። በደዶ፣ በሰቃ፣ በሊሙ፣ በጎማ፣ በጌራ ባርነትን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ገና አሉ፤ በየዓመቱ ግን እየቀነሱ ነው። ቡና ሲለቀምና ሲወቀጥ የሚዘፈነው ዘፈን፣ የኬላዎቹ ስም፣ ሰዎች በጎጀብ የተሻገሩባቸው መልካዎች፣ የተደበቁት ቁጥሮች ይመዝገቡ። ሠዓሊው የንጉሡን ፈረስ ሲሥል ፈረሱን የሚስበውን ሰው ፊት አይደብቅ። የተውኔት ጸሐፊው ለጌኔ ጉሚቲ ምክር አንድ ትዕይንት ሲሰጥ፣ በዚያው ቤት ውሃ ለቀዳችው ልጅም አንድ ይስጥ። ጅሬንን የሚያስጎበኙ ሰዎችም ከዙፋኑና ከሰገነቱ ቀጥለው የወፍጮውን፣ የእልፍኙንና የማድቤቱን ሥራ ማን ይሠራ እንደ ነበር ይንገሩ።

እኔ በበኩሌ ጀምሬአለሁ። ተማሪዬ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የታሪክ ክበቡ ልጆች የሽማግሌዎችን ቃል የሚጽፉበት አንድ መዝገብ አላቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአኮን ታሪክ በገዛ እጄ ጻፍሁ። በልጅነቷ ከዳውሮ ተሸጣ ጎጀብን እንደ ተሻገረች፣ በደዶ ቡና እንደ ለቀመች፣ በአባ ጅፋር እንደ ማለች፣ ልጅና የልጅ ልጅ እንዳሳደገች። ከሥሩም እስከ ዐሥር የምትቆጥርባቸውን ቃላት ከማዶ ሰዎች ጠይቄ ሞላሁ። የክበቡ ልጆች ጮክ ብለው አነበቧቸው።